ሕያው ማዳበሪያ፤ የአፈር ደቂቅ ዘአካላትን በአማርኛ ስለ መሰየም

ለአንድ አዲስ ነገር የሚወጣለት ስም መጠሪያ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ነገሩ እንዴት እንዲያዝ፣ የት እንዲቀመጥና ለምን እንዲውል ለተጠቃሚው አስቀድሞ ይነግረዋል። ስለዚህ አንድን ቃል ከመምረጣችን በፊት ቃሉ ተጠቃሚውን ወዴት እንደሚመራው መመርመር ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርባቸው ቃላት በአፈር ውስጥ እየኖሩ የሰብልን እድገት የሚረዱትን ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች የሚመለከቱ ናቸው። እነዚህ ፍጥረታት ዛሬ ሆን ተብለው ተባዝተውና በእሽግ ተዘጋጅተው ለገበሬው ይቀርባሉ፤ በአገራችንም መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪን የመሰሉ አምራቾች አሉ። በእሽጉ ውስጥ ያለው ነገር ሕይወት ያለው እንደ መሆኑ መጠን፣ ስሙ ካሳሳተ ነገሩ ከማሳው ሳይደርስ በተጠቃሚው እጅ ይሞታል።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ነዋሪም ሩቅ አይደለም። በከተማይቱ ምዕራብ የሚገኘው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከተማና እርሻ የሚገናኙበት አካባቢ ነው። በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳርቻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሲመረት ኖሯል፤ በግቢው የጓሮ አትክልት የሚያለማውም ጥቂት አይደለም። ከከተማው ወጥቶ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ደግሞ ከአዲስ አበባ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሆለታን ያገኛል። በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ሆኖ የቆየው የሆለታ ማዕከል ባቄላን፣ አተርንና ሌሎችን የደጋ ሰብሎች ሲያጠና የኖረ ነው። እንግዲህ ለኮልፌ ቀራንዮ ጎመን አምራችና ለሆለታ ባቄላ አምራች በአንድ ስም የተጠራ እሽግ ቢቀርብላቸው፣ ለአንዱ የሚጠቅመው ለሌላው ከንቱ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ለማስረዳት በቅድሚያ ነገሩን ራሱን እንግለጽ።

፩. ነገሩ ምንድን ነው?

ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከመቶ 78 እጅ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ይሁን እንጂ ተክል ይህን ናይትሮጅን ከአየር በቀጥታ ሊወስድ አይችልም፤ ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች የተያያዙበት ማሰሪያ እጅግ ጠንካራ ነውና። የማዳበሪያ ፋብሪካ ይህን ማሰሪያ የሚፈታው በከፍተኛ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት ነው። ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን የሆነው ዩሪያ የሚገኘውም በዚሁ መንገድ ነው። ራይዞቢየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ግን በባቄላ፣ በአተር፣ በምስር፣ በሽምብራና በመሳሰሉት ጥራጥሬዎች ሥር ውስጥ ገብተው ይህንኑ ሥራ በአፈሩ ሙቀት ያከናውናሉ። ተክሉ በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ይመግባቸዋል፤ እነርሱ ደግሞ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ በሚስማማ ውሑድ መልክ ያቀርቡለታል። የሚኖሩባቸው ትናንሽ ክብ አካላት በሥሩ ላይ በዓይን ይታያሉ። ሰብሉ በሚያብብበት ጊዜ አንዱን ቆርጠው ቢመለከቱት ውስጡ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ያደላ እንደ ሆነ ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ የሆነ እንደ ሆነ ግን ገና አልጀመረም፣ አለዚያም ሥራውን ጨርሷል።

ይህ ምስጢር በሳይንስ የተረጋገጠው ጀርመናውያኑ ሄልሪገልና ዊልፋርት በ1888 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ነው። በዚያው ዓመት ሆላንዳዊው ቤየሪንክ ባክቴሪያውን ለይቶ አሳደገ። የኢትዮጵያ ገበሬ ግን ምክንያቱን በሳይንስ ቋንቋ ባይገልጸውም ውጤቱን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ባቄላ ወይም አተር በነበረበት ማሳ ላይ በተከታዩ ዓመት ስንዴ ወይም ገብስ የሚዘራው ስለዚህ ነው። «ማፈራረቅ» የሚለው ቃላችን ይህን እውቀት ይዞ የኖረ ቃል ነው።

ሁለተኛው ወገን የፈንገሱ ነው። ከምድር እጽዋት አብዛኞቹ ሥሮቻቸውን ለፈንገስ ማደሪያነት ይሰጣሉ። የፈንገሱ ክሮች ከሥሩ ጠጉር እጅግ የቀጠኑ በመሆናቸው፣ ሥሩ ሊደርስበት በማይችለው የአፈር ቀዳዳ ሁሉ ገብተው በተለይ ፎስፎረስን ለቅመው ለተክሉ ያመጣሉ። ፎስፎረስ በአፈር ውስጥ እንደ ናይትሬት በቀላሉ የማይንቀሳቀስ ስለ ሆነ፣ ወደ እርሱ የሚደርስ ክር ያለው ተክል ይጠቀማል። ተክሉም ለዚህ አገልግሎት ካዘጋጀው ምግብ ይከፍላል። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሽንኩርት፣ ሰላጣና የሐበሻ ጥድ ከዚህ ወገን ናቸው። የጎመን ዘመዶች ግን ከዚህ ስምምነት ውጪ ናቸው፤ ቆስጣና ቀይ ሥርም እንደዚሁ። ስለዚህ ለጎመን መደብ ይህን ፈንገስ የገዛ የኮልፌ ቀራንዮ አትክልተኛ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፤ በዚያው መደብ ሽንኩርት ወይም ሰላጣ የተከለ እንደ ሆነ ግን ሊጠቅመው ይችላል።

፪. የስሞቹ ፈተና

ሀ) ተሐዋስያን ወይስ ደቂቅ ዘአካላት? «ተሐዋሲ» ከግእዝ የመጣና በመሠረቱ የሚንቀሳቀስ ፍጥረት ማለት የሆነ ቃል ነው። በቃሉ ሥረ ትርጉም ውስጥ ክፉም በጎም የለም። ነገር ግን በጤና ትምህርት «በሽታ አምጪ ተሐዋስያን» በሚለው ሐረግ ለብዙ ዓመታት ሲነገር በመቆየቱ፣ ቅጽሉ ቢቀርም እንኳ በሽታው ከቃሉ ጋር ቀርቷል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ደግሞ አንዳንድ መገናኛ ብዙኃን ይህንኑ ቃል ለቫይረስ አዋሉት። ስለዚህ ለገበሬው «ተሐዋስያን የያዘ እሽግ ነው፤ ከዘርህ ጋር ቀላቅለው» ብንለው፣ በልጆቹ እጅ እንዳይነካ ቢሰጋ አይፈረድበትም። «ደቂቅ ዘአካላት» የሚለው ስያሜ ግን ጥቃቅን ሕያዋንን ሁሉ፣ ጎጂውንም ጠቃሚውንም፣ ሳያዳላ ያቅፋል። በትምህርት መጻሕፍትም የተለመደ ስለ ሆነ ለጠቅላላው ስም እርሱን እንመርጣለን። «ተሐዋሲ»ም በጤና መስክ በያዘው ቦታ ይቀመጥ።

ለ) ቋጠሮ ወይስ እባጭ? በጥራጥሬ ሥር ላይ የሚታየውን ክብ አካል አንዳንዶች «እባጭ» ይሉታል። «እባጭ» ግን ለሕመም የተሰጠ ቃል ነው። ከዚህም በላይ ነማቶድ የሚባሉ ጥቃቅን ትሎች የሥሩን ሥጋ ራሱን ስለሚያሳብጡ፣ በእውነት እባጭ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ሰው ጤነኛውን ባቄላ ታመመ ብሎ ሊነቅለው ይችላል። ልዩነታቸው በእጅ ይታወቃል፤ የባክቴሪያው ማደሪያ በሥሩ ጎን የተለጠፈ በመሆኑ በጣት ሲነካ በቀላሉ ይለቅቃል፣ የትሉ እባጭ ግን ሥሩ ራሱ ያበጠ ስለ ሆነ አይለቅቅም። እኛ ለመጀመሪያው «የሥር ቋጠሮ»፣ ለሁለተኛው «የሥር እባጭ» እንዲባል እናቀርባለን። «ቋጠረ» በአማርኛ ስንቅ የሚቋጠርበት፣ ተክልም ፍሬ የሚቋጥርበት ግሥ ነው። የናይትሮጅን ስንቅ ለሚዘጋጅበት አካል ከዚህ የሚቀርብ ቃል አላገኘንም።

ሐ) ክትባት ወይስ እርሾ? ባክቴሪያውን ወደ ዘር የማሳደሩን ሥራ በውጭ ቋንቋዎች የሚጠሩበት ቃል በሕክምና ለክትባት የሚያገለግለው ቃል ነው። ከዚህ የተነሣ «ዘር መከተብ» የሚል አተረጓጎም ብቅ ሲል ይታያል። «ከተበ» በመሠረቱ መጻፍን ያመለክታል፤ በአንገት የሚንጠለጠለው «ክታብ»ም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነው። ሆኖም ክታቡም ክትባቱም ዛሬ በሰው አእምሮ ውስጥ ከክፉ የሚጠብቁ ነገሮች ናቸው። «ዘሬን አስከትቤአለሁ» የሚል ገበሬ ሰብሉ ከዋግ ወይም ከሌላ በሽታ የዳነ ይመስለዋል። ራይዞቢየም ግን ምግብ ያቀርባል እንጂ ከበሽታ ለመጠበቅ የሚሰጥ አይደለም። ትራይኮደርማ እንደሚባለው ያሉ በሽታ አምጪ ፈንገሶችን የሚቋቋሙ ሌሎች ደቂቅ ዘአካላት አሉ፤ ለእነርሱ የተለየ ስም ሊቀመጥላቸው ይገባል።

በእኛ አስተያየት ለዚህ ነገር የሚስማማው ቃል በእያንዳንዱ ቤት ይገኛል። ይኸውም «እርሾ» ነው። በእንጀራ እርሾ ውስጥ ያሉት እንደ እውነቱ ባክቴሪያዎችና በዓይን የማይታዩ ፈንገሶች ናቸው። እርሾ ሕያው መሆኑን፣ ትኩስ ውሃ እንደሚገድለው፣ ብዙ ዘመን ከቆየ ኃይሉ እንደሚደክም፣ በጥቂቱ ገብቶ ብዙውን እንደሚለውጥ የማያውቅ የቤት እመቤት የለችም። በእሽግ ያለው ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። በደንብ በተዘጋጀ እሽግ ውስጥ በአንዱ ግራም ከመቶ ሚሊዮን የማያንሱ ሕያዋን ይቈጠራሉ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ እንደ ሆነ ግን የሚቀረው ጥቁር አፈር ብቻ ነው። ስለዚህ «የዘር እርሾ» ብለን ብንጠራው የአጠባበቁን ትምህርት ግማሹን ስሙ ራሱ ይጨርስልናል።

የቃሉ ሌላ ጥቅም ደግሞ አለ። የአማርኛው «የ» የሰብሉን ስም ከእርሾው ጋር በቀላሉ ያስተሳስረዋል። ይህም ጌጥ አይደለም፤ የባቄላ፣ የአተርና የምስር ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ የሽምብራው ሌላ፣ የአኩሪ አተሩም ሌላ ነው። በባቄላ እርሾ የተለወሰ ሽምብራ ቋጠሮ አያበጅም። ስለዚህ በእሽጉ ላይ «የባቄላ ዘር እርሾ»፣ «የሽምብራ ዘር እርሾ»፣ «የአኩሪ አተር ዘር እርሾ» ተብሎ በጉልህ ሊጻፍ ይገባል እንጂ፣ ገበሬው በማያነበው የላቲን ስም ወይም በቊጥር ብቻ ሊታወቅ አይገባም።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። የቤት እርሾ ከቡኮው ተቀንሶ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቀመጣል፤ ገበሬውም በዚህ አምሳል የአምናውን ትርፍ እሽግ ሊያስቀምጥ ይችላል ይባል ይሆናል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ሆኖም አሳቡ ፈጽሞ ስሕተት ነው ለማለትም አይቻልም፤ በውጭ አገር እሽጉ ከመዘጋጀቱ በፊት ጥራጥሬ በደንብ ካፈራበት ማሳ አፈር ዘግነው በአዲሱ ማሳ ላይ ይበትኑ ነበር። በአገራችንም ባቄላና አተር ሲዘሩ በኖሩበት ማሳ ውስጥ ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ራሱን ችሎ ስለሚገኝ የእሽጉ ጥቅም እንደየቦታው ይለያያል፤ አኩሪ አተር ለመጀመሪያ ጊዜ በሚዘራበት ማሳ ግን ጥቅሙ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ቃሉን ከመተው ይልቅ፣ በእሽጉ ላይ የሚያገለግልበት ጊዜ እንዲጻፍ ማድረግ ይሻላል።

ለሥራው መጠሪያ የምናቀርበው ግሥ «መለወስ» ነው። ዘሩ በጥላ ሥር በጥቂት የስኳር ውሃ ይረጥባል፤ እርሾው ተነስንሶበት እያንዳንዱ ፍሬ እስኪለብሰው ድረስ ይለወሳል፤ ወዲያውም ተዘርቶ አፈር ይለብሳል። ከዩሪያ ወይም ከፀረ ፈንገስ መድኃኒት ጋር አብሮ የተለወሰ እንደ ሆነ ሕያዋኑ ይጎዳሉ።

መ) ማዳበሪያ። ይህ ቃል «አዳበረ» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ መሬትን የሚያጠነክርና የሚያፋፋ ነገር ሁሉ ሊጠራበት ይችላል። ፍግም ማዳበሪያ ነው። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣው ማዳበሪያ ከተስፋፋ ወዲህ ትርጉሙ ጠብቦ የፋብሪካውን ፍሬ ብቻ፣ አልፎም የታሸገበትን ጆንያ ማመልከት ጀምሯል፤ እህልም ሆነ ከሰል «በማዳበሪያ» ተሞላ ሲባል እንሰማለን። ጆንያውን ያስለመደን ቃል የአቀማመጡንም ልማድ ይዞ ይመጣል፤ ዩሪያ በዕቃ ቤት ጥግ ወራትን ቢያሳልፍ ከዝናብ ከተጠበቀ በቂ ነው፣ ሕያው ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱን ለመለየት «ሕያው» የሚለው ቅጽል ሳይቀር «ሕያው ማዳበሪያ» ተብሎ ለጠቅላላው ወገን እንዲነገር እንስማማለን። ቅጽሉን ጥሎ «ማዳበሪያ» ብቻ ማለት ግን ሌላም ስሕተት ያስከትላል፤ ገበሬው እሽጉ የሌላውን ማዳበሪያ ሁሉ ቦታ የሚተካ ይመስለዋል። የዘር እርሾ ናይትሮጅንን እንጂ ፎስፎረስን አይሰጥም፤ እንዲያውም ባክቴሪያው ራሱ ፎስፎረስን ይሻል። በአሲዳማ አፈር ላይም በኖራ ካልታገዘ ሥራው ይዳከማል። ዩሪያ በብዛት በተበተነበት ማሳ ደግሞ ተክሉ ናይትሮጅኑን ከአፈር ስለሚያገኝ ቋጠሮ ማበጀቱን ይቀንሳል።

ሠ) ማይኮራይዛ። ጀርመናዊው ፍራንክ በ1885 እ.ኤ.አ. ይህን ስም ከሁለት የግሪክ ቃላት ሲያበጅ «የፈንገስ ሥር» ማለቱ ነበር፤ «ራይዞቢየም» የሚለውንም ስም በ1889 እ.ኤ.አ. ያወጣው እርሱ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ማይኮራይዛ የፈንገሱ ስም ሳይሆን የፈንገሱና የሥሩ አንድነት ስም መሆኑ ነው። ይህን አንድነት ለገበሬ ለማስረዳት «ወንፈል» ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለኔ። ለሳይንሱ ስያሜ ግን ወንፈል በሰዎች መካከል ያለውን የሥራ ሥርዐት ስለሚጠራ «ጉድኝት» የሚለውን እንመርጣለን። ስለዚህ አንድነቱ «የሥርና የፈንገስ ጉድኝት»፣ ፈንገሱ ራሱ «ሥር ወዳጅ ፈንገስ» ይባል። «እንጉዳይ» ለሚታየውና ለሚበላው አካል፣ «ሻጋታ»ም በምግብና በዕቃ ላይ ለሚወጣው የተያዙ ስለ ሆኑ ለዚህ ፍጥረት አይመቹም።

፫. ስለ ባዕድ ቃላት

ባክቴሪያ፣ ፈንገስና ናይትሮጅን ባዕድ ቃላት ሳሉ ለምን እንዳለ ተቀበላችኋቸው የሚለን ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልሱ ከኮልፌ ቀራንዮ ስም አይርቅም። «ቀራንዮ» ከግሪክ ቃል ተነሥቶ በግእዝ በኩል የገባና የራስ ቅል ስፍራ ማለት የሆነ ነው። ነገር ግን ዛሬ በዚያ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ሰው ቃሉን ባዕድ ነው አይለውም። ቃልን የአገር ልጅ የሚያደርገው በብዙ አፍ መነገሩና በቦታው መዋሉ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት ለተለመዱት ስሞች ምትክ መፈለግ አያስፈልግም። ገበሬው በእጁ ለሚይዘው፣ በዓይኑ ለሚያየውና በማሳው ለሚሠራው ነገር ግን የራሱ ቃል ሊሰጠው ይገባል። እርሾ፣ ቋጠሮ፣ መለወስና ጉድኝት የመረጥናቸው በዚህ መሠረት ነው።

፬. የቀረቡት ስያሜዎች

ደቂቅ ዘአካል (ብዙ፦ ደቂቅ ዘአካላት)፦ ያለ ማጉሊያ መሣሪያ በዓይን የማይታይ ሕያው ፍጥረት፤ ጎጂም ጠቃሚም ሊሆን ይችላል።

ሕያው ማዳበሪያ፦ የተክልን ምግብ በማቅረብ ሰብልን የሚረዱ ደቂቅ ዘአካላትን በሕይወት የያዘ ዝግጅት።

የዘር እርሾ፦ ከመዘራቱ በፊት በጥራጥሬ ዘር ላይ የሚለወስ የራይዞቢየም ዝግጅት፤ የሚያገለግለው ሰብል ስም አብሮ ይጠራል።

መለወስ፦ ዘርን በእርሾ እስኪለብስ ድረስ ማሸት።

የሥር ቋጠሮ፦ በጥራጥሬ ሥር ጎን የሚበጅ፣ ናይትሮጅን የሚያዋሕዱ ባክቴሪያዎች የሚያድሩበት ክብ አካል።

የሥር እባጭ፦ በነማቶድ ምክንያት የሚመጣ የሥር ሕመም።

ናይትሮጅን ማዋሐድ፦ የአየርን ናይትሮጅን ለተክል በሚስማማ ውሑድ መለወጥ።

ጉድኝት፦ ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት እየተጠቃቀሙ የሚኖሩበት አንድነት።

ሥር ወዳጅ ፈንገስ፦ ከተክል ሥር ጋር ተጎዳኝቶ በተለይ ፎስፎረስን የሚያቀርብ ፈንገስ።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። የግብርና ባለሙያዎች፣ መምህራንና በተለይም ገበሬዎች በየአካባቢያቸው ከዚህ የተሻለ ቃል ቢኖራቸው እንዲገልጹልን በአክብሮት እንጠይቃለን። በጥራጥሬ ሥር ላይ ያለውን ቋጠሮ በየወረዳው ምን ብለው እንደሚጠሩት ቢነገረን፣ ከእኛ ምርጫ ይልቅ የሚበልጥ ቃል ከማሳው ራሱ ሊገኝ ይችላል።